ሰልፉና አቤቱታው፦ የ1966 ዓ.ም. የሙስሊሞች ጥያቄ

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው የሙስሊሞች ሰልፍ ብዙ ጊዜ የሚወሳው በሰልፈኛው ብዛት ነው። አንድ ወገን መንግሥትን እንዴት ሊያሳምን እንደሚችል ለሚያጠና ግን ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን የቀረበው ባለ 13 ነጥብ አቤቱታ ነው።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ አድርጓት ነበር፤ ሙስሊሙ ግን ጉዳዩን የሚያቀርብበት ሀገር አቀፍ ተቋም አልነበረውም። ጥያቄው አደባባይ የወጣው ስለዚህ ነው። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» ይባል የሚለው ነጥብ፣ ለአንዳንዱ የቃላት ክርክር ቢመስልም፣ የዜግነት ጥያቄ ነበር።

ንጉሣዊው ሥርዐት በወራት ውስጥ ወደቀ። ደርግም በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል-ፊጥርን፣ ዒድ አል-አድሓንና መውሊድን ብሔራዊ በዓላት አደረገ። በዓልን ለማወጅ አንድ ውሳኔ ይበቃል፤ በመንግሥት ሥራና በሠራዊቱ እኩል ቦታ ማግኘት ግን በአዋጅ ብቻ የሚፈጸም አልነበረም።