በነጭ ተራሮች መተላለፊያ የነበሩ የመጀመሪያዎቹ መሸታ ቤቶች

በሰሜን አሜሪካ በኒው ሃምፕሺር ግዛት የሚገኙት ነጭ ተራሮች፥ በላይኛው የኮኔቲከት ሸለቆ የሰፈሩትን ገበሬዎች ከፖርትላንድ ወደብ ለይተው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1771 ቲሞቲ ናሽ የተባለ አዳኝ በመካከላቸው ጠባብ መተላለፊያ አገኘ። አገረ ገዢው ጆን ዌንትዎርዝ፥ ናሽ በዚያ ፈረስ ቢያሳልፍ መሬት እንደሚሰጠው ቃል ገባለት፤ ናሽም ከአንድ ጓደኛው ጋር ፈረሱን በገመድ እያሰረ ከገደል ገደል አውርዶ መሬቱን እንዳገኘ ይነገራል።

በ1792 ኤሊያዛር ሮዝብሩክ ከመተላለፊያው በስተሰሜን ሰፈረ። አማቹ ኤቤል ክሮፎርድ ደግሞ 12 ማይል ያህል ወደ ደቡብ ወርዶ ቤት ሠራ። በ1803 ቀረጥ የሚከፈልበትን መንገድ የሚሠራ ኩባንያ በሕግ ሲቋቋም፥ እነዚህ ቤቶች መሸታ ቤቶች ሆኑ። መሸታ ቤት ሲባል ግን መጠጥ ብቻ አይደለም፤ መኝታ፥ እሳት፥ ጋጣና ድርቆሽም ጭምር ነው። ገበሬዎቹ ቅቤ፥ አይብና የአሳማ ሥጋ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ጭነው ይወርዱ፥ ጨውና ሮም ይዘው ይመለሱ ነበርና፥ በዚያ ብርድ በመካከሉ ማደሪያ ባይኖር መንገዱ በበረዶው ወራት ከንቱ በሆነ ነበር። መንገዱን የቀደደው ኩባንያው ቢሆንም፥ ሕይወት የሰጡት መሸታ ቤቶቹ ናቸው ማለት ይቻላል።

ኑሮው ግን ትርፍ የሚገኝበት አልነበረም። የኤቤል ልጅ ኤተን ክሮፎርድ የሮዝብሩክን ቤት በ1817 ከነዕዳው ወረሰ፤ በ1818 ቤቱ ተቃጠለ። በ1819 አባትና ልጅ እስከ ዋሽንግተን ተራራ ጫፍ የሚያደርስ የእግር መንገድ ጠረጉ፤ ከጭነት ነጋዴው ሌላ አገር ጎብኚ የሚባል አዲስ እንግዳ የመጣውም በዚህ ነው። ኤተን መሪያቸው ሆነ፤ ዕዳው ግን አልለቀቀውም፥ እስከ እስር ቤትም አደረሰው።

በሁለቱ ክሮፎርዶች መካከል በሚገኘው ቤት ሳሙኤል ዊሊ በ1825 ገባ። ነሐሴ 28 ቀን 1826 ሌሊት ከብርቱ ዝናብ በኋላ የተራራው ጎን ተናደ። ናዳው ከቤቱ በስተጀርባ የነበረውን ቋጥኝ ሲመታ ለሁለት ተከፍሎ ቤቱን በግራና በቀኝ አልፎት ሄደ። ሸሽተው የወጡት ባልና ሚስት፥ አምስት ልጆቻቸውና ሁለት ሠራተኞች ግን አለቁ፤ ከልጆቹም የሦስቱ አስከሬን አልተገኘም። ጎርፉ የመንገዱን ድልድዮች አብዛኞቹን ወሰደ። ቤቱም ባለቤቶቹን ካጣ በኋላ እንደ ጉድ ይጎበኝ ጀመር።

በ1875 የባቡር ሐዲድ ከዚያው ቤት በላይ በተራራው ጎን አለፈ። ከዚያ ወዲያ በበረዶ ጋሪ የሚወርድ ጭነት ቀረ፤ ድርቆሽ የሚጠይቅ እንግዳም አልመጣም።