የአጤ ዮሐንስ ሰዓት በሽንፋ ገበያ

ስሙኝማ። መተማ ቆላ፣ ሽንፋ ላይ የገበያ ቀን ነው እንበል። ሰሊጡ ተጭኖ አልቋል፤ የቀን ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ደጋ የሚመልሰውን መኪና ይጠብቃል፤ ሙቀቱ ገና በሦስት ሰዓት ሰውን ጥላ ለጥላ ያስኬዳል። የማወራላችሁን ሰዎች ለወጌ ብዬ ያቆምኋቸው እኔ ነኝ፤ ስማቸውን ብትጠይቁኝ የለኝም። ስለ ሰዓቷ የሚባባሉት ግን የሙያው እውነት ነው።

አንድ ጎረምሳ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ከአንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ዳስ ገባ። ከኋላው አንድ ደላላ ተከትሎታል፤ ደላላው ግን አልገባም፣ ውጭ ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ይቺን ይዩልኝ እስቲ። የአጤ ዮሐንስ ናት።»

አዛውንቱ አልሳቁም። በዚህ አገር በአጤ ዮሐንስ ስም ለመጣ ነገር አይሳቅም። «ማን ነገረህ?»

«ራሷ ናት የምትናገር!»

መሐረቡን ፈታ። ክዳን ያላት የብር የኪስ ሰዓት ናት። የጀርባዋን ክዳን በጥፍሩ ፈልቅቆ ሁለተኛውን፣ የውስጡን ክዳን አሳየ። ክብ ክብ ሜዳሊያዎች ተቀርጸውበታል፤ ከአንደኛው ሥር «ፓሪስ 1889» የሚል ይነበባል።

ልጁ ሒሳቡን ሠርቶ ነው የመጣው። 1889 የፈረንጅ ነው፤ ስምንት ሲቀነስ 1881። በ1881 መጋቢት መባቻ ላይ መተማ ምን እንደሆነች የማያውቅ የቆላ ልጅ የለም፤ ከተማዋ እስካሁን መተማ ዮሐንስ ነው የምትባል። ንጉሠ ነገሥቱ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው አረፉ፣ አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፣ ራሳቸው ተቆርጦ እስከ ኦምዱርማን ተወሰደ። ራስ ኦምዱርማን ከደረሰ ሰዓት ከድንበሩ ማዶ ገላባት ገበያ ቢቀር ምን ይገርማል? አያቱ ደግሞ የገላባት ነጋዴ ነበሩ። አለቀ።

አጠገብ ሻይ የምታፈላው ሴት አንገቷን አስግጋ «1889 በእኛ ከሆነስ? ከዓድዋ በኋላ ነው እኮ፤ የምኒልክ ትሆናለች» አለች። ልጁ በዓይኑ ገላመጣት። ሁለት ንጉሥ ለአንድ ሰዓት ይበዛል።

አዛውንቱ መልስ አልሰጡም። መሳቢያቸውን ከፍተው አንዲት ጠገራ ብር አወጡ። «ስንት ይላል?»

«1780።»

«ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ብሯ ግን ስትመታ ኖረች። ቪየና መታት። ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. ማተሚያውን ወስዶ ሮም ላይ መታት። ለንደንም መታት፤ ቦምቤይም። ሁሉም የሚጽፉት 1780 ነው፤ ዓመቱ ከተቀየረ የኛ ሰው አልቀበልም ይላላ! ስለዚህ ብረት ላይ የተጻፈ ዓመት ሁሉ የልደት ቀን አይደለም።»

እዚህ ላይ እኔ ተራኪው ትንሽ ልግባ። የዕቃን ዕድሜ ከጽሑፉ ሳይሆን ከሌላ ምልክት በማንበብ ሽንፋን የሚያህል አስተማሪ የለም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ «ሽንፋ-መተማ 1» ስለተባለ የጥንት ሰፈር አንድ ጥናት ወጣ፤ ጆን ካፕልማን የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ነው። የድንጋይ ጫፎች፣ የዓሣ አጥንት፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ተገኝቷል። ዕድሜውን የነገራቸው ምንድን ነው? አፈሩ ውስጥ የነበረ፣ ከፀጉር የቀጠነ የእሳተ ገሞራ መስታወት ስባሪ! ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የተባለ ተራራ ሲፈነዳ በነፋስ እዚህ ድረስ የመጣ ነው። ድንጋዮቹ ላይ ማንም ዓመት አልጻፈም። በሉ ወደ ሰዓታችን።

አዛውንቱ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ። መጀመሪያ ብሩን አዩ። ከክዳኑ ውስጥ በኩል ጤፍ በምታህል ማኅተም ቆቅ የምትመስል ወፍ አለች፤ አጠገቧ 0.800። «ይቺ ወፍ ስዊሶች በ1880 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የመጣች የብር ምልክት ናት። ከሺህ እጅ ስምንት መቶው ብር ነው ማለት ነው። የኔ ማርትሬዛ እንኳ 833 ናት፤ ትበልጥሃለች። ደግሞ ሜዳሊያው ያለበት የውስጥ ክዳን ላይ ‹ሜታል› ተብሎ ተጽፏል፤ እሱ ብር አይደለም። ሚዛን ላይ ሲያወጡልህ ያን ክዳን ቀንስ።»

«15 ሩቢ ይላልኮ ጋሼ!»

«ይላል። ከስንዴ ፍሬ ያነሱ ቀያይ ድንጋዮች ናቸው፤ ዘንጉ እንዳይበላ የሚገቡ። አሥራ አምስቱን ሸጠህ የዚያችን ሴትዮ ሻይ ብትጠጣ ጥሩ ነው።» ስለ ድንጋዮቹ እንዲህ ብለው አለፉ። በአሮጌ ዕቃ ውስጥ አለ እየተባለ ስለሚወራው ቀይ ሜርኩሪም ልጁ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት በእጃቸው ከለከሉት። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ውስጥ ሰው የድሮ ሲንገር የስፌት መኪና በስንት ብር እንደተሻማ ሰምተዋል፤ ሜርኩሪ አለበት ተብሎ። ምንም አልነበረበትም።

ከዚያ ፊቷን ወደ ብርሃን አዞሩ። ነጭ ነው፤ መዳብ ላይ በእሳት የተጋገረ ቅብ። በጥፍራቸው ነካ አደረጉት፤ የቀለም ሳይሆን የመስታወት ድምፅ ሰጠ። ከሦስት ቁጥር አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። «ይቺ አታስፈራህ። ስንጥቅ የሌለበት፣ እንደ ትናንት የሚያበራ ፊት ነው የሚያጠራጥረኝ። ይልቅ ቆጣሪዎቹን እያቸው፤ የሰዓቱ በእሳት ሰማያዊ የሆነ ብረት ነው፣ የደቂቃው ጥቁር ቀለም የተቀባ ነው። ከአንድ ቤት አልወጡም።» ከስድስት ቁጥር ሥር ደግሞ ለዓይን የማትታይ ጽሑፍ አለች፤ «ስዊስ ሜድ»። አሜሪካ በ1890 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ይጻፍበት ካለች ወዲህ የተስፋፋ ልማድ ነው።

የልጁ ፊት ደመና ለበሰ። «ዓመቱስ? 1889ስ?»

«ፓሪስ በዚያ ዓመት ትልቅ ኤግዚቢሽን አሳየች፤ የኤፍል ማማ የቆመለት። የተሸለሙ ፋብሪካዎች ሜዳሊያውን ለብዙ ዓመት ቀፎ ላይ ሲቀርጹት ኖሩ፤ ያልተሸለሙም ቀረጹት። አሁን ስማኝ። ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው በፈረንጅ ሜይ 6 ቀን ነው። አጤ ዮሐንስ መቼ አረፉ?»

ልጁ ጣቱን ቆጠረ። መጋቢት። በፈረንጁ ማርች 10። ኤግዚቢሽኑ ሁለት ወር ገደማ ይቀረው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ገና ያልተሰጠ ሜዳሊያ የተቀረጸበት ሰዓት ኪሳቸው ሊያስገቡ አይችሉም።

ሻይ ሻጯ «እኔስ ምን አልኩ!» አለች።

አዛውንቱ ማሽኑን ለማየት ካቻቢቴ አነሡ። ቀፎው ጠርዝ ላይ ብሎን የነከሰባቸው አሮጌ ቦታዎች አሉ፤ አሁን ግን ብሎን የለባቸውም። መሙያው ዘንግ ከቀዳዳው ትንሽ ዘንበል ብሎ ነው የሚወጣው። የቀፎውና የማሽኑ ቁጥሮችም አይገጥሙም። ቁጥር አለመግጠሙ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ የአሜሪካኖቹ ዋልተምና ኤልጂን ማሽን ሠርተው ሲሸጡ ቀፎውን ሌላ ፋብሪካ ይሠራው ነበር። ሦስቱ ምልክት አንድ ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ቀፎው ኦርጅናል፣ ማሽኑም ኦርጅናል፤ ሰዓቷ ግን ኦርጅናል አይደለችም።

«እንግዲያ ዋጋ የሚያወጣው የቱ ነው?»

«አብሮ የተወለደ፣ ማን እጅ እንደነበረ በወረቀት የሚታወቅ። የጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ ፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ወደ 2.9 ሚሊዮን ፍራንክ ተሸጧል። ያውም መጀመሪያ ለጨረታ ሲቀርብ ቤተሰባቸው የባለቤትነት ጥያቄ አንሥቶ ወጥቶ ነበር። የፋብሪካው መዝገብ አለ፣ የባለቤቱ ስም አለ። አንተ የያዝከው የደላላህን ቃል ነው።»

ደላላው ከውጭ ሰማ። ብቅ ብሎ «ታሪኩን እኔ እናገርላታለሁ፤ ዛሬውኑ ድልድዩን ተሻግራ ሱዳን ትገባለች» አለ።

«የአጤ ዮሐንስ ናት ብለህ?»

«አዎ።»

«እንዳልከው ከሆነች ቅርስ ናት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 209 ቅርስ ለሽያጭ ከአገር አይወጣም ይላል። ውሸት ከሆነ ገዢው ያስይዝሃል፣ እውነት ከሆነ ጉምሩክ። የቱ ይሻልሃል?»

ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። የደወለለት ሰው ያለ አይመስለኝም።

አዛውንቱ ሰዓቷን ሞሏት፤ ትክ ትክ አለች። ገላባት ያለ ሰው በእጁ ሰዓት ስምንት ይላል፣ እኛ ሦስት ላይ ነን፤ አዛውንቱ ቆጣሪውን በእኛው ሦስት ላይ አቆሙት። ክዳኑን ሊገጥሙ ሲሉ መልሰው አጉሊውን አነሡ። ከብሩ ክዳን ጠርዝ ሥር በመርፌ የተጫረ የዐረብኛ ጽሑፍ አለ። ሰዓት ሠሪዎች አድሰው ሲጨርሱ እንዲህ ምልክት ይተዋሉ።

«አያትህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ይሄዱ ነበር?»

«ሰሊጥ ይዘው። እናቴ ትነግረኛለች።»

«ገዳሪፍ ይላል። ማሽኑን የቀየረላቸው ይሄ ሰው ይሆናል።»

«አታሏቸው?»

«ምን አታለላቸው! የተሰበረውን አውጥቶ የሚሠራ አስገባላቸው። አያትህ ሰዓት ማየት ነበር የፈለጉት። ብሩን ደግሞ በሎሚና በአመድ እንዳትፈትገው፤ ይቺ ጽሑፍ ትጠፋለች።»

ደላላው ከውጭ «ስንት ተባለ?» ብሎ ጮኸ።

ልጁ ዞርም አላለ። «ጋሼ፣ አጽድተው ዘይት ቢያደርጉላት ስንት ያስከፍሉኛል?»