ደመወዝ የበላ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። አንዳንዱን ስም ግን መልአክ ሳይሆን ጠበቃ ያወጣዋል። ለዛሬ ያነሣሁት ጉዳይ የእንዲህ ያለ ስም ታሪክ ነው። ስሙ “ተማሪ-ስፖርተኛ” ይባላል፤ የተወለደውም በ1950ዎቹ፣ በአሜሪካ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ)። ላዩን ሲያዩት ነቀፋ የሚገኝበት ስም አይደለም፤ እንዲያውም መጽሐፉንም ኳሱንም አጣምሮ የያዘ ብርቱ ወጣት የሚወደስበት ይመስላል። የተፈጠረው ግን ለውዳሴ አልነበረም። ሜዳ ላይ የተጎዳ ወይም የሞተ ተጫዋች “ሠራተኛ ነበር” ተብሎ ካሣ እንዳይጠየቅበት የተበጀ ጋሻ ነበር።

ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ጀምረዋል። “የዘመናት ግፍ አበቃ” ብለው የተደሰቱ አሉ፤ “የኮሌጅ ስፖርት ሞተ” ብለው የሚያዝኑም አሉ። የእኔ አስተያየት ከሁለቱም ይለያል። ገንዘቡ መጣ እንጂ ስሙ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ስሙ ሳይነሣ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የተጠየቀው ጥያቄ መልስ አላገኘም። ይህን ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል።

ጨዋታውና ገንዘቡ አብረው ተወለዱ

“የኮሌጅ ስፖርት ድሮ ንጹሕ ነበር፤ ኋላ ገንዘብ አበላሸው” የሚለው ትረካ በታሪክ ፊት አይቆምም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮሌጆች ውድድር የሚባለው በ1852 በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ በዊኒፐሶኪ ሐይቅ ላይ ሃርቫርድና ዬል ያደረጉት የጀልባ ቀዘፋ ነው። የተማሪዎቹን ወጪ የሸፈነው በአካባቢው የሚያልፍ የባቡር ኩባንያ ነበር፤ ዓላማውም ተመልካች በባቡሩ እንዲሳፈርለት ነበር። የመጀመሪያው መቅዘፊያ ውኃ ሳይነካ በፊት ነጋዴው በቦታው ተገኝቶ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የነገሠው ፉትቦል ነው፤ እኛ እግር ኳስ የምንለው ሳይሆን፣ ኳሱን በእጅ ይዘው በትከሻ እየተላተሙ የሚጫወቱት። በ1905 በአንድ የውድድር ወቅት ብቻ በመላ አገሪቱ ከደርዘን በላይ ወጣቶች በዚህ ጨዋታ ሞቱ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ተወካዮች ወደ ዋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታው እንዲሻሻል አሳሰቡ። በ1906 ኮሌጆቹ ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም በ1910 ዛሬ የሚታወቅበትን ስም፣ ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር የሚለውን፣ ያዘ። ልብ እንበል፤ ይህ ማኅበር የተወለደው የወጣቶች ሞትና ጉዳት ባስከተለው ጭንቀት ነው። ሞትና ጉዳት የሚለው ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመለሳል።

ማኅበሩ ያነገበው መርሕ አማተርነት ነበር፤ ተጫዋች ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ አይጫወትም የሚል። ሐሳቡ ከእንግሊዝ የተወረሰ ነው፤ በዚያም አገር የእጁን ሥራ ሳይሸጥ መኖር ለሚችል ባለጸጋ የተመቸ ነበር። አሜሪካውያን ኮሌጆች መርሑን በአፋቸው ተቀብለው በእጃቸው ሻሩት። የካርኔጊ ፋውንዴሽን በ1929 ያወጣው ዝርዝር የጥናት ዘገባ፣ ከተመረመሩት ኮሌጆች አብዛኞቹ ተጫዋቾችን በልዩ ልዩ ጥቅማ ጥቅም ሲያግባቡ እንዳገኛቸው አጋለጠ። ማኅበሩ በ1948 ጥብቅ ደንብ አውጥቶ ሊቆጣጠር ቢሞክርም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደንቡ ፈረሰ። በመጨረሻም በ1956 በስፖርት ችሎታ ብቻ የሚሰጥ ሙሉ ስኮላርሺፕ ተፈቀደ። ይህ በሌላ ስም የተጠራ ክፍያ እንጂ ምን ነበር?

ሁለት የኮሎራዶ መዝገቦች

የስሙ ምሥጢር የሚገኘው በኮሎራዶ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት መዝገቦች ውስጥ ነው። የመጀመሪያው በ1953 የተወሰነው ነው። ኧርነስት ኔሜት የተባለ የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ተጫዋች በልምምድ ላይ ተጎድቶ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ ጠየቀ። በግቢው ውስጥ ለሚሠራው ሥራ ገንዘብና ምግብ ያገኝ ነበር፤ ሥራው ግን ከፉትቦሉ ጋር የተቆራኘ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ካልተጫወተ ሥራውም የለም። ፍርድ ቤቱም ሠራተኛ ነው አለ፤ ካሣውም ተፈቀደለት።

ይህ ፍርድ ለኮሌጆቹ የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር። አንዱ ተጫዋች ሠራተኛ ከተባለ ሌላውስ? በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዎልተር ባየርስ ነበሩ፤ ከ1951 ጀምሮ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ከመንፈቅ ያህል ማኅበሩን የመሩ ብርቱ ሰው። ባየርስ በጡረታ ዘመናቸው፣ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ነገሩን ሳይሸሽጉ ተናዘዋል፦ “ተማሪ-ስፖርተኛ” የሚለው ቃል የተፈጠረው ፍርድ ቤቶችና የግዛት ኮሚሽኖች ተጫዋቾችን ሠራተኞች እንዳይሏቸው በመስጋት ነበር፤ ቃሉም ወዲያው በማኅበሩ ደንቦች ሁሉ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። “ክለብ” የሚለው ቃል የባለሙያዎቹን ሊግ ስለሚያስታውስም “የኮሌጅ ቡድን” ይባል ተብሎ ታዘዘ። ማኅበሩን ያነጹት እኒህ ሰው በዚያው መጽሐፍ የግቢዎቹን አስተሳሰብ ከድሮው የባሪያ እርሻ አስተሳሰብ ጋር እስከ ማመሳሰል ደርሰዋል።

ሁለተኛው መዝገብ የሬይ ዴኒሰን ነው። ዴኒሰን በ1955 መስከረም ለፎርት ሉዊስ ኮሌጅ ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ የሟች ቤተሰብ ካሣ ጠየቀች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1957 የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ኮሌጁ በፉትቦል ንግድ የተሰማራ ስላልሆነ፣ ሟቹም ለመጫወት የተቀጠረ ስላልሆነ፣ ካሣ አይገባትም። በአራት ዓመት ልዩነት፣ በአንድ ግዛት፣ በአንድ ፍርድ ቤት ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ተሰጡ። ያሸነፈውና የቆየው ግን ሁለተኛው ነው።

ጋሻው ሥር

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ገንዘቡ ሲያብጥ ስሙ ሲጠነክር የታየበት ነው። በ1973 ማኅበሩ የአራት ዓመቱን ስኮላርሺፕ አስቀርቶ በየዓመቱ የሚታደስ አደረገው። አሠልጣኙ ያልተደሰተበት ወይም የተጎዳ ተጫዋች በዓመቱ መጨረሻ ሊሰናበት ይችላል ማለት ነው፤ ሠራተኛ ያልሆነው ሰው እንደ ሠራተኛ ይባረራል። በ1974 ኬንት ዋልድሬፕ የተባለ የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ከአላባማ ጋር በተደረገ ጨዋታ አንገቱ ተሰብሮ ሽባ ሆነ። ካሣ ጠይቆ ለዓመታት ተከራከረ፤ በ2000 የቴክሳስ ይግባኝ ፍርድ ቤት “ሠራተኛ አልነበረም” ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

በ1984 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማኅበሩ በቴሌቪዥን ሥርጭት ላይ የያዘውን ብቸኛ ሥልጣን በ7 ለ2 ድምፅ ሻረ። ኮሌጆቹ ጨዋታቸውን እንደ ፈለጉ መሸጥ ቻሉ። በዚያው ፍርድ ውስጥ ግን ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ የኮሌጅ ስፖርት ልዩ ባሕርይ እንዲጠበቅ ተጫዋቾች ሊከፈላቸው አይገባም የሚል ሐሳብ በማለፊያ አስፍረው ነበር፤ ማኅበሩም ይህችን ሐሳብ ለ37 ዓመታት እንደ ጋሻ ተጠቀመባት። ለሻጩ ገበያው ተከፈተ፤ ለተጫዋቹ እንደ ተዘጋ ቀረ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ማኅበሩ በ2010 የቅርጫት ኳስ ውድድሩን የቴሌቪዥን መብት ለ14 ዓመታት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። በብዙ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚበላው ገዥው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሆነ። አሠልጣኙ ሠራተኛ ነው፤ ሣሩን የሚያጭደው ሠራተኛ ነው፤ ቲኬት የሚቆርጠው ሠራተኛ ነው፤ ሰው ሊያየው የመጣው ወጣት ብቻ ሠራተኛ አይደለም። በደንቡ ውስጥ ተጫዋቾች ቤግል የሚባለውን ዳቦ እንዲበሉ ተፈቅዶ፣ አይብ የተቀባበት እንደሆነ ግን የተከለከለበት ጊዜ ነበር፤ ዳቦው መክሰስ፣ አይቡ ሲጨመርበት ምግብ ነው ተብሎ። በ2014 የኮኔክቲከቱ ሻባዝ ናፒየር፣ ቡድኑ ብሔራዊ ሻምፒዮን በሆነበት ሰሞን፣ አንዳንድ ሌሊት ተርቦ እንደሚተኛ ለጋዜጠኞች ሲናገር አገር ጉድ አለ፤ ማኅበሩም በቀናት ውስጥ የምግቡን ገደብ አነሣ።

የዘር ጉዳይም ሊታለፍ አይገባውም። ይህን ሁሉ ገቢ በሚያመጡት በሁለቱ ስፖርቶች ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች በግቢው ካላቸው ቁጥር እጅግ በላቀ ብዛት ይገኛሉ። የባየርስ የባሪያ እርሻ ንጽጽር ብዙዎችን ያስደነገጠው እውነት ስለሸተታቸው ይመስለኛል።

ግንቡ ሲናድ

ግንቡን መነቅነቅ የጀመረው የቀድሞው የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኤድ ኦባነን ነው። የራሱን ምስል በቪዲዮ ጌም ውስጥ ሲሸጥ አይቶ በ2009 ከሰሰ፤ በ2014 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን የፀረ ሞኖፖል ሕግ ተጥሷል ብለው ፈረዱለት። በዚያው ዓመት የኖርዝዌስተርን ፉትቦል ተጫዋቾች የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ጠየቁ። የብሔራዊ ሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ የአካባቢ ኃላፊ ሠራተኞች ናቸው ሲል፣ ቦርዱ ራሱ በ2015 ሠራተኛ ናቸው ወይም አይደሉም ሳይል ጉዳዩን ገፋው። በ2019 ካሊፎርኒያ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ሰኔ 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አልስተን በተባለው መዝገብ፣ 9 ለ0 በሆነ ድምፅ ከትምህርት ጋር በተያያዙ ጥቅሞች ላይ የተጣለውን ገደብ ሻረ። ከቀናት በኋላ፣ በሐምሌ መባቻ፣ ማኅበሩ ተጫዋቾች ስማቸውን፣ ምስላቸውንና ገጽታቸውን እንዲሸጡ ፈቀደ። በ2010 ጥቅም ተቀብሏል ተብሎ ሽልማቱን ያጣው ሬጂ ቡሽ የሃይስማን ዋንጫው በ2024 ተመለሰለት። ትናንት ወንጀል የነበረው ዛሬ የተለመደ ንግድ ሆነ።

ሰኔ 2025 እኒያው ዳኛ ዊልከን ሃውስ የተባለውን ክስ የቋጨውን ስምምነት አጸደቁ። ከ2016 ጀምሮ ለተጫወቱት በዐሥር ዓመት ውስጥ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲም በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ ማካፈል ይችላል።

ተቃዋሚዎችም ነጥብ አላቸው

ክፍያውን የሚቃወሙ ሰዎች ሁሉ ስግብግቦች አይደሉም። ስኮላርሺፕ ራሱ በአሜሪካ የትምህርት ዋጋ ሲታይ ትልቅ ሀብት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ፉትቦል የሚያመጣው ገንዘብ ዋናን፣ ትግልንና ሩጫን ይደጉማል፤ ገንዘቡ ወደ ኮከቦቹ ሲሄድ እነዚህ ይዘጋሉ ይላሉ፤ ይህም ተራ ሥጋት አይደለም። ይህ ለእኛ ቅርብ ጉዳይ ነው። በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረው ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በዚያን ጊዜ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሩጫ ገቢ የሚያመጣ ስፖርት አይደለም። ከኢትዮጵያም ይሁን ከኬንያ በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ወጣት ደግሞ ቪዛው ሥራ ስለሚገድብበት፣ ጓደኛው በስሙ ሲነግድ እርሱ በአብዛኛው ቆሞ ተመልካች ነው። ሴት ስፖርተኞችም ከኋላ ክፍያው እጅግ ትልቁ ድርሻ ለወንዶቹ መሄዱ በ1972 የወጣውን የጾታ እኩልነት ሕግ ይጥሳል ብለው በ2025 ይግባኝ ጠይቀዋል።

እነዚህ ነጥቦች እንዴት ይከፈል የሚለውን ያከብዳሉ እንጂ፣ ላብ ያፈሰሰው ሰው ማን ነው የሚለውን አይመልሱም።

የመበለቲቱ ጥያቄ

እነሆ ወደ ጀመርንበት ተመለስን። አዲሱ ስምምነት ገንዘብ አካፈለ እንጂ ተጫዋቾቹን ሠራተኛ አላላቸውም። በ2024 የዳርትመዝ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች 13 ለ2 በሆነ ድምፅ የሠራተኛ ማኅበር መረጡ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ቦርዱ ሊለወጥ ነው በሚል ሥጋት ጥያቄያቸውን ሳቡት። በዚያው ዓመት አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የኮሌጅ ስፖርተኞች ሠራተኞች ሊሆኑ ይችላሉ አለ። በ2025 ለኮንግረስ የቀረበው ረቂቅ ሕግ ደግሞ ስፖርተኛ ሠራተኛ እንዳይባል በግልጽ የሚከለክል አንቀጽ ይዟል። ማኅበሩ ዛሬ የጉዳት መድን መስጠቱ አይካድም፤ ከ2024 ጀምሮም ከተጫዋችነት ከወጡ በኋላ ለሁለት ዓመት የሚቆይ የሕክምና መድን ጨምሯል። ነገር ግን መድን በሰጪው ፈቃድ የሚሰጥና የሚነሣ ነው፤ የሠራተኛ ካሣ ግን መብት ነው።

ይህ ልዩነት ለኮከቡ ተጫዋች ምንም አይደለም፤ እርሱ ስሙን ሸጦ ሚሊዮን ያገኛል። ልዩነቱ የሚሰማው ስሙን ማንም የማይገዛው፣ በትንሽ ኮሌጅ የሚጫወተው፣ አንድ ቀን ጭንቅላቱን የሚመታው ልጅ ነው። እንደ ዴኒሰን ያለው። ወጣቶቹ የራሳቸውን ስም የመሸጥ መብት አግኝተዋል፤ ሌሎች ካወጡላቸው ስም ግን ገና ነጻ አልወጡም። ኃያላን ሲከራከሩ ገንዘቡን ቀድመው የሚለቁት፣ ቃሉን ግን የሙጥኝ የሚሉት ለምን እንደሆነ ከዚህ ታሪክ መማር ይቻላል፤ ገንዘብ በየዓመቱ ይቆጠራል፣ ይቀነሳል፤ ቃል ግን ማን ምን እንደሚገባው ይወስናል።

በ1957 አንዲት መበለት ባለቤቷ ሠራተኛ ነበር ብላ ፍርድ ቤት ቆመች። ቢሊዮኖች ከተከፋፈሉ በኋላም፣ ዛሬ ያው ሐዘን የደረሰባት ሴት ያንኑ ጥያቄ ይዛ ብትቆም፣ የሚጠብቃት ያው ስም ነው።

ቸር ይግጠመን።