የደከመውን ተማሪ ስለ መለየትና ስለ መርዳት፤ ከቅኔ ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር፣ ትምህርት ሲከብደው ዝም የሚል ተማሪ በመምህሩ ዘንድ መቼና በምን እንደሚታወቅ ነው። የወደቀ ተማሪ ታሪክ ብዙውን ጊዜ «አልቻለም» በሚል አንድ ቃል ይዘጋል። እኛ ግን ከመውደቁ በፊት ያየው ሰው ነበረ ወይ ብለን እንጠይቃለን። ለዚህም ሁለት ቤቶችን እናነጻጽራለን፤ አንደኛው የቅኔ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና እርሱን የተከተሉት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

የቅኔ ቤት ሥርዓት በመምህሩ ጆሮ ላይ የቆመ ነው። ተማሪው ቅኔውን ከጎጆው ደጅ ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ በልቡ ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይናገራል። አገባቡ ቢሰበር፣ ቤት ባይመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ባይገጥም እዚያው ይታረማል። ጀማሪው በሁለት ቤት ከሚፈጸመው ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ፣ ወደ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስና ከዚያም ወዲያ ይዘልቃል። ስለዚህ አብረውት የገቡት ዘአምላኪየ ሲቈጥሩ እርሱ ከጉባኤ ቃና ያልወጣ ተማሪ ሊሸሸግ አይችልም፤ እርሱን ለመለየት መዝገብም የጽሑፍ ፈተናም አያስፈልግም።

ርዳታውም ከዚሁ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። የኔታ ሁሉን ብቻቸውን ማድመጥ ስለማይችሉ፣ ከተማሪዎቹ የበሰለው «አስነጋሪ» ሆኖ ታናናሾቹን ያደምጣል፤ ያርማልም። ይህ ሰው እዚያው ደረጃ ላይ በቅርብ ጊዜ የተሰናከለ በመሆኑ እንቅፋቱን ያውቀዋል። የዓመት መጨረሻ የሚባል ነገር ስለሌለ ተማሪው «ወደቅህ» ተብሎ አይሰናበትም፤ እስኪገባው ድረስ እዚያው ይቈያል። የአንዱ ቤት መንገድ ያልተስማማውም ስንቁን ይዞ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሻገራል። እርግጥ ነው፣ ዋጋው የብዙ ዓመት ዕድሜ ነው።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ስናመሰግን ነውሩን መሸፈን አይገባንም። በንባብ ቤት የዘገየ ሕፃን በዱላ ይመታ፣ የኰበለለም በሰንሰለት ይታሰር ነበር። የቅዱስ ያሬድን ትውፊት የሚተርክ ሁሉ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ የሞከረችውን ትል ያነሣል፤ የመምህሩን የጌዴዎንን በትር ግን ቈም ብሎ የሚያስብበት ጥቂት ነው። ቀለም አልገባ ያለው ተማሪ ደግሞ አእምሮ ይከፍታል እየተባለ አብሾ ይጠጣ ነበር። አብሾ መርዝነት ያለው ተክል ነውና አእምሮን እስከ ማወክ ይደርሳል። በእኛ አስተያየት ስሕተቱ የድካምን ምክንያት ሁልጊዜ በተማሪው ራስ ውስጥ ከመፈለግ የመጣ ነው። ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ የሚያድር ልጅ ትምህርቱ ያልገባው ስለ ራበው ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ አብሾ መድኃኒቱ አይደለም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ እንለፍ። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት ይመራ በነበረበት ዘመን ተማሪዎቹ ጥቂትና አዳሪዎች ስለ ነበሩ፣ መምህሩ ተማሪውን በስሙ ለማወቅ አይቸገርም ነበር። ነገር ግን ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ አዲስ ዐይነት ዝምታ መጣ። በቅኔ ቤት ተማሪው ይናገራል፣ መምህሩ ያደምጣል፤ በሌክቸር ግን መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይጽፋል። አጎንብሶ የሚጽፈው ሁሉ ገብቶት ይሁን ግራ ገብቶት ከመድረኩ ላይ ሆኖ መለየት አይቻልም። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተጠቃልለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ በኋላ የተማሪው ቍጥር እየበዛ ሲሄድ፣ መምህሩ ተማሪውን የሚያውቀው በፈተና ወረቀቱ ሆነ። ወረቀቱ ታርሞ እስኪመለስ ድረስ ደግሞ የትምህርቱ ጊዜ ግማሹ ያልፋል።

በኋላ ዘመን፣ በ2000ዎቹ ዓመታት ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲዎች የተዘረጋው «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት በሐሳቡ ከአስነጋሪው ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን አስነጋሪውን የሚሰይሙት ሥራውን ያዩለት የኔታ ናቸው፤ ይህኛው ግን ከላይ በመመሪያ የወረደ፣ የፖለቲካም ጥርጣሬ ያደረበት ስለ ነበረ ብዙ ተማሪ በሙሉ ልቡ አልተቀበለውም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በታወቀ ጊዜ፣ ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በዚህም ምክንያት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች «ሪሚዲያል» የተባለውን የማካካሻ ትምህርት ለመስጠት ተገደዱ። ሥራው መልካም ነው፤ ነገር ግን ደካማውን የሚለየው በበሩ ላይ ነው። በሩን አልፎ ገብቶ በሦስተኛው ሳምንት መስመጥ የሚጀምረውን ተማሪ አያገኘውም።

ይህን ተማሪ ለማግኘት አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም የግድ አይመስለንም። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 5 ተማሪዎችን ለየብቻ ጥቂት ደቂቃ ቢያናግር፣ ያለፈውን ትምህርት በገዛ ቃላቸው እንዲያስረዱት ቢያደርግ፣ በ12 ክፍለ ጊዜ ሁሉንም ሰምቶ ይጨርሳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚገናኙ ከሆነ ይህ አራት ሳምንት ነው፤ ከአጋማሽ ፈተናው በፊት ማለት ነው። የከበደው ሆኖ ያገኘውንም በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ወደ ቢሮው ጠርቶ፣ ስለ ትምህርቱ ከመጠየቁ አስቀድሞ የት እንደሚያድርና ምን በልቶ እንደሚውል ይጠይቀው።