ስለ ፊያት 600 ሞተር የአየር ጉሮሮ መስፋት

የመኪና ሞተር ኃይል የሚወሰነው በሚጠጣው ቤንዚን ሳይሆን በሚስበው አየር ልክ መሆኑ የታወቀ ነው። ቤንዚን ጨምሮ ማፍሰስ ቀላል ሲሆን፥ አስቸጋሪው ቤንዚኑን የሚያቃጥለውን አየር ማስገባት ነው። ስለዚህም ሞተሩን ለማበርታት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በካርቡራተሩ ጉሮሮ ላይ ነው፤ ይኸውም ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ የሚከፈተው ክብ መዝጊያ የሚገኝበት ቀዳዳ ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ጠባቡን ጉሮሮ በሰፊ የመለወጥን ሥራ በአንዲት መኪና ታሪክ ልንከተለው አስበናል። መኪናይቱም በአዲስ አበባ በታክሲነት ለብዙ ዘመን ያገለገለችው፥ ሕዝቡም በኢጣልያንኛ ስሟ ሴይቼንቶ እያለ የጠራት ፊያት 600 ናት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህችን መኪና የነደፋት መሐንዲስ ዳንቴ ጃኮዛ ሲሆን፥ ለሕዝብ የታየችውም በ1955 በጄኔቭ ትርኢት ነው። ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፥ ባለ አራት ሲሊንደር፥ 633 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚይዝ፥ 21.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ካርቡራተሩ ዌበር ሲሆን የጉሮሮው ስፋት 22 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለነገራችን ግን ከቍጥሮቹ ሁሉ የሚበልጠው አንድ ሌላ ነገር አለ። በብዙ ሞተሮች አየሩን ከካርቡራተር ወደ ሲሊንደሮች የሚያከፋፍለው ቦይ በብሎን የሚታሰር ራሱን የቻለ ዕቃ ነው፤ በፊያት 600 ግን ከአሉሚንዮም ከተሠራው ቴስታታ ጋር አንድ ሆኖ የፈሰሰ ነው። ለርካሽ መኪና ይህ ብልኅ ዘዴ ነበር፤ የሚፈታ ብሎንና የሚያፈስ ጓርኒሲዮን ይቀንሳልና። ሞተሩን ማስፋት ለሚሻ ሰው ግን ትልቅ እንቅፋት ሆነበት፤ ቦዩን ፈትቶ በሌላ መተካት አይችልም።

እንቅፋቱን ከተጋፈጡት ሰዎች ዋናው ካርሎ አባርት ነው። በ1908 በቪዬና ተወልዶ፥ በ1949 በኢጣልያ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ስሙም አስቀድሞ የታወቀው በሚሸጣቸው ማርሚታዎች ነበር። ሴይቼንቶ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ መለወጫ ዕቃዎቹን በሳጥን አድርጎ ለማንኛውም ባለ መኪና መሸጥ ጀመረ። የሞተሩ ይዘት ወደ 747 ሴንቲ ሜትር ኩብ ከፍ አለ፤ ካርቡራተሩም ባለ 32 ሚሊ ሜትር ዌበር ሆነ። ኃይሉ 41.5 የፈረስ ጉልበት ደረሰ፤ ይህም ከመጀመሪያው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው።

ሰፊውን ካርቡራተር መግጠም ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የብሎኖቹ ቦታ ከቀድሞው ጋር ካልገጠመ፥ በሁለቱ መካከል ወፈር ያለ የብረት ገበታ ተሠርቶ ይገባል። ከዚያም በቴስታታው ላይ ያለው የቦዩ አፍ በአዲሱ ጉሮሮ ልክ መሞረድ አለበት። ይህ ካልተደረገ ከሰፊው ጉሮሮ የወጣው አየር ከጠባቡ አፍ ጠርዝ ጋር ይጋጭና ይናወጣል፤ የተከፈለው ገንዘብም በከንቱ ይቀራል። ጓርኒሲዮኑም በአዲሱ ልክ መቈረጥ አለበት፤ ወደ ውስጥ ጥቂት ቢገባ እንኳ እንደዚያው ጠርዝ ይሆናል። ሞርዶ ማስፋትም ወሰን አለው፤ የቴስታታው ብረት ሳስቶ ቢቀደድ የሚጣለው ቦዩ ብቻ ሳይሆን ቴስታታው በሙሉ ነው።

ሌላው ችግር ከጠባዩ የሚመጣ ነው። ኢጣልያዊው ሊቅ ቬንቱሪ በ1797 በፓሪስ ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ የሚፈስ ነገር በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ካርቡራተር ቤንዚኑን ከማጠራቀሚያው የሚስበው በዚህ የግፊት መቀነስ ነው። እንግዲህ ጉሮሮው ከመጠን በላይ ከሰፋ፥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር አየሩ ይለግማል፤ ቤንዚኑም በሚገባ ሳይበተን በጠብታ ይገባል፤ መኪናይቱም ስትነሣ ትንተፋተፋለች።

በብዙ ጋራዦች የሚነገረው ጉሮሮ በሰፋ ልክ ኃይል ይጨምራል የሚለው አስተያየት ለእኛ ትክክል አይመስለንም። ሒሳቡን እንመልከት። የኃይል መለኪያ ደንቦች ጥቂት ቢለያዩም፥ በመጀመሪያይቱ ሴይቼንቶ ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሜትር ካሬ የጉሮሮ ስፋት የሚደርሰው 5.7 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። በ1960 ፊያት ራሱ ሞተሩን ወደ 767 ሴንቲ ሜትር ኩብ አሳድጎ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ ሲገጥምላት ኃይሏ 29 ሆነ፤ ድርሻው ግን ወደ 4.7 ወረደ። የአባርት 747 ደግሞ 5.2 ነው። በዚያው በ1960 አባርት ያወጣው የ847 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር፥ ጉሮሮው በዚያው በ32 ሚሊ ሜትር እንዳለ 52 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ ይህም 6.5 ያህል ነው። ጉሮሮው አንዲት ሚሊ ሜትር ሳይሰፋ ከአሥር በላይ የፈረስ ጉልበት ተጨመረ ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከጉሮሮው በስተኋላ ያለው ሁሉ ነው፤ የሲሊንደሩ ይዘት፥ የቫልቮላው አከፋፈት፥ የጭስ መውጫው።

ፊያት በ28 ሚሊ ሜትር መወሰኑንም እንደ ንፉግነት ልንቈጥረው አይገባም። ሰው ጭና ዳገት የምትወጣ፥ በየመንገዱ ዳር የምትቆም ታክሲ የሚያስፈልጋት በዝግታ ሳትንተፋተፍ መነሣትና ቤንዚን መቈጠብ ነው። የአባርት ሳጥን ለሌላ ዐይነት ሾፌር የተዘጋጀ ነበር።

በእሽቅድምድም በኩል የቱሪስሞ መኪናዎች ደንብ ሌላ ማሰሪያ ጨመረ። ቴስታታው የፋብሪካው እንዲሆን ስለሚያዝዝ፥ አንድ ሆኖ የፈሰሰው ቦይና አንዱ ካርቡራተር እንዳሉ ቀሩ። የአባርት ሠራተኞች ሞተሩን እስከ 982 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲያሳድጉ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ቦይ ተወስነው ነበር። በፎቶግራፍ የምናየው የኋላ ክዳን ተከፍቶ መቆሙ ብዙዎች እንደሚያስቡት ካርቡራተሩን አየር ለማጠጣት ሳይሆን በመጀመሪያ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ነበር። በ1970 ግን አዲስ ቴስታታ ወጣ፤ ቫልቮላዎቹ ዘንበል ብለው የቆሙበት፥ ቦዩም ከቴስታታው የተለየ። በላዩም ሁለት ባለ ሁለት ጉሮሮ ዌበር ስለ ተቀመጠበት ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ጉሮሮ ደረሰው። ያው 982 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር ከ100 በላይ የፈረስ ጉልበት ሰጠ። በተከታዩ ዓመት፥ በ1971፥ ፊያት የአባርትን ኩባንያ ገዛው።