«ሙሌት» ወይስ «ምልአት»?

እጅ ላይ የሚታሰሩት ዘመናይ ሰዓቶች ሌሊቱን ሙሉ ደማችንን ሲከታተሉ አድረው ጠዋት ቁጥር ያቀርቡልናል፦ 94፣ 91፣ አንዳንዴም 87። ሐኪም ቤት ስሙ «ሳቹሬሽን» ነው። ሰሞኑን ግን «የኦክስጅን እርካታ» የሚል ትርጉም አየሁና ተናደድኩ። የሚረካ ሰው ነው፤ ደም ምን በልቶ፣ ምን ጠጥቶ ይረካል?

«ሙሌት» ከዚህ ይሻላል፤ እየተለመደም ነው። ቢሆንም ሙሌት የመሙላት ሥራ ነው። የጥርስ ሙሌት እንላለን፤ ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የህዳሴ ግድብን የውሃ ሙሌት ዙር በዙር ስንሰማ ኖረናል። ሰዓቱ የሚነግረን ሥራውን ሳይሆን ይዞታውን ነው። «ሙላት» ብንል ይዞታውን ይገልጽልናል፣ ግን ክረምትን በገጠር ያሳለፈ ሰው ሙላት ሲባል የሚታየው መንገደኛ የሚወስድ ወንዝ ነው። «መጠን» ጭራሽ ያሳስታል፦ ደም ማነስ ያለበት ሰው በደሙ የሚዞረው ኦክስጅን ጥቂት ሆኖ ሳለ መሣሪያው 98 ሊያሳይ ይችላል። የሚለካው ካለው ሄሞግሎቢን ውስጥ ኦክስጅን የያዘው ስንት እጅ እንደሆነ ነውና።

እኔ «ምልአት» እላለሁ። ሥሩ ግእዙ «መልአ» ነው፣ በአልፋው አ። (በዐይኑ «ምልዓት» የሚጽፉትን ማረም ሰልችቶኛል።) «ምልአተ ጉባኤ» ስንል ከጠቅላላው አባል ስንቱ ቦታውን እንደያዘ እንጠይቃለን። እያንዳንዱ ሄሞግሎቢንም ለኦክስጅን አራት መቀመጫ አለው፤ ምልአቱ 95 በመቶ ነው ማለት ከመቶው መቀመጫ 95ቱ ተይዟል ማለት ነው። ቃሉ ከድሮም በእጃችን አለ፤ ምን ያስፈጥረናል?

ንባቡን በተመለከተ፣ በባሕር ጠለል አካባቢ ጤነኛ ሰው ከ95 እስከ 100 ያሳያል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ጥቂት ዝቅ ቢል አያስደነግጥም። (ይህም ሁሉን አይገዛም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ አማሮች 95.3 በመቶ አማካይ አግኝቷል።) በእንቅልፍ ጊዜም ትንሽ መውረዱ ያለ ነው። ሰዓቱ የሚሠራው ብርሃን ቆዳ ላይ አብርቶ የሚመለሰውን በማንበብ ስለሆነ፣ ማሰሪያው ከላላ ወይም ክንድዎ ላይ ከተኙ ይሳሳታል። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ደግሞ የሆስፒታሉ የጣት መለኪያ ሳይቀር የጥቁር ሕሙማንን የኦክስጅን ጉድለት ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ አብዝቶ እንደሚስት አሳይቷል።

ስለዚህ የአንድ ሌሊት 87 ብቻውን በሽታ አይደለም። ምልአቱ ሌሊት ሌሊት እየደጋገመ የሚያሽቆለቁል፣ ማንኮራፋትና የቀን ድብታም ያለበት ሰው ግን እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የመቆራረጥ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ይመርመር። ትንፋሽ ያጠረው ደግሞ ሰዓቱ ምንም ይበል ምን ሐኪም ቤት ይሂድ።