የአንድ አራተኛ ሙግት

ላስቲክ ሲስቡት ይረዝማል፤ ሲረዝም ወገቡ ይቀጥናል። ይህን ለማወቅ መቼም የፊዚክስ ተማሪ መሆን አያሻም። ከመቶ ስንት እጅ ቀጠነ የሚለው፣ ከመቶ ስንት እጅ ረዘመ ለሚለው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በፕዋሶን ስም ይጠራል። እኛን የታሪክ ተማሪዎችን የሳበን ግን በቁጥሩ ላይ የተነሣውና ስድሳ ዓመት ገደማ የቆየው ሙግት ነው።

ፕዋሶን እ.ኤ.አ. በ1829 በታተመው ጥናቱ፣ ጠባዩ በየአቅጣጫው አንድ የሆነ ጠጣር ነገር ሁሉ፣ ብረትም ይሁን ብርጭቆ፣ ቁጥሩ አንድ አራተኛ ነው አለ። ለክቶ አይደለም። ቁስ አካል የጥቃቅን ቅንጣቶች ስብስብ ነው፣ ቅንጣቶቹም የሚሳሳቡትና የሚገፋፉት በሚያገናኛቸው ቀጥታ መስመር ብቻ ነው ከሚል ግምት ተነሥቶ በስሌት ደረሰበት። ግምቱ ያምራል፤ ማማሩ ነው እኮ ጣጣውን ያመጣው!

ሌላ መንገድ የያዘው ጆርጅ ግሪን ነበር፤ የኖቲንግሃም ባለወፍጮ ልጅ፣ ካምብሪጅ የገባው በአርባ ዓመቱ። በ1839 በታተመ ጽሑፉ ስለ ቅንጣት ምንም ሳይገምት፣ በቁሱ ውስጥ ከሚከማቸው ጉልበት ብቻ ተነሣ። እንዲህ ላለው ቁስ ሁለት ነጻ ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ መጨመቅን፣ ሌላው መጣመምን የሚቋቋምበት። ታዲያ ሁለቱ ካልተሳሰሩ የአንድ አራተኛ ግዴታ ከየት ይመጣል?

ልኬቱም ተከተለ። ቨርትሃይም በ1848 ወደ አንድ ሦስተኛ የተጠጋ ውጤት አገኘና አንድ ሦስተኛን የሁሉ ሕግ ሊያደርገው ቃጣው፤ አንዱን ንጉሥ አውርዶ ሌላውን ማንገሥ ይሏል ይህ ነው። ኪርሖፍ ግን በ1859 ለአረብ ብረት 0.294፣ ለናስ 0.387 ለካ። ሴን ቬናን በበኩሉ፣ የለካችሁት ብረት መች ጠባዩ በየአቅጣጫው አንድ ሆነና፣ እያለ የድሮውን ቁጥር ተከላከለ። ይህችን ማምለጫ የዘጋት ፎይግት ነው፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ ነጠላ ክሪስታሎችን ለክቶ።

የቀረው ወሰን ሰፊ ነው፤ ከኔጌቲቭ 1 እስከ ግማሽ። ከግማሽ ቢያልፍ፣ ዙሪያውን የተጨመቀ ነገር በመኮማተር ፈንታ ያብጥ ነበር፤ ከኔጌቲቭ 1 ቢያንስ ቅርጹን መጠበቅ አቅቶት ሳይነኩት ይጣመም ነበር። ጎማ ግማሹ ጫፍ ላይ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። ቡሽ ዜሮ አካባቢ ነው፤ ጠርሙስ አንገት ውስጥ ሲገፉት ጎኑ ብዙም አያብጥም።

ከዜሮ በታች ያለው፣ ማለትም ሲስቡት የሚወፍረው፣ ለብዙዎች የወረቀት ላይ ነገር ብቻ ይመስል ነበር። በ1987 ሮደሪክ ሌክስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ተራ ስፖንጅ ወስዶ በሦስቱም አቅጣጫ ጨመቀው፤ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ወደ ውስጥ እንደታጠፈ እንዲቀር አሙቆ አቀዘቀዘው። ከዚያ ሳበው። ወፈረ፤ ቁጥሩም ኔጌቲቭ 0.7 ሆነ።